የነበዊያ ጣውንት

ከእስክንድርያ ወዲህ ባለችው የባሕር ዳር ከተማችን፣ ኮም ዘህራ ውስጥ «ኡስታ በስዩኒ የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው «ከየትኛዋ ሚስቱ ዘንድ?» የሚል መልስ ያገኝ ነበር። የኒካህ ሚስቱ አንዲት ብቻ ናት፤ ነበዊያ። ሁለተኛዋ ከከተማው ዳር ጉብታው ላይ የተተከለች የብረት መድፍ ናት። «ጣውንት» የሚለውን ስም ያወጣችላትም ራሷ ነበዊያ ስትሆን፣ ባሏን ፍለጋ በሯን ያንኳኳውን ሁሉ «ጣውንቴ ዘንድ ነው፣ ሂዱና ከጉያዋ አውጡት!» እያለች ወደ ጉብታው ትሰደው ነበር።

የበስዩኒ የዓመት እንጀራው የጀልባ ሸራ መስፋት ነው። «ኡስታ» የሚለው የባለሙያ ማዕረግም የመጣው ከመርፌው እንጂ ከባሩዱ አይደለም። የረመዳን ጨረቃ ስትታይ ግን መርፌውን ግድግዳው ላይ ይሰካና ለሠላሳ ቀን መድፈኛ ይሆናል፤ አባቱም፣ የአባቱ አባትም እንደዚሁ ነበሩ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሙአዚኑ ሸኽ ዘናቲ ከሚናራው ላይ ነጭ ጨርቅ ያውለበልባሉ፣ በስዩኒ እሳቱን ይለኩሳል፣ መድፏ «ድም!» ትላለች። ከተማው ተምሩን ወደ አፉ የሚልከው ያኔ ነው። ጥይት የምትባል ነገር ጎርሳ አታውቅም፤ ባሩድና ቡትቶ ብቻ ነው የሚሰጣት። ለቡትቶ ግን ድምፅዋ ትልቅ ነበር። ዋጋውን የከፈለው የበስዩኒ ጆሮ ነው። ባገባበት ዓመት መድፏን ከአባቱ ተረክቦ ሃያ ሰባት ረመዳን ሲተኩስ ግራ ጆሮው ሙሉ በሙሉ ጠፋ፣ ቀኙም ሲሶው ብቻ ቀረ።

በዚህ ምክንያት ነበዊያ ባሏን የምታናግረው እየጮኸች ነው። እነሱ ቤት ምስጢር የሚባል ነገር አላደረም። ማታ «ወገቤን አሞኛል፣ እሸኝ!» ካለችው፣ ጠዋት ጎረቤቷ ኡም ፍክሪ በግድግዳው በኩል «ወገብሽ እንዴት አደረ?» ብላ ትጠይቃታለች። ሲጣሉ ሰፈሩ ይፈርዳል፤ ሲታረቁም ሰፈሩ እፎይ ይላል።

ጦርነቱ ሲመጣ መድፏ ዝም በይ ተባለች። አውሮፕላኖች ወደ እስክንድርያ ሲያልፉ በራሳችን ላይ ነበርና የሚያልፉት፣ ድም ያለ ነገር ሁሉ የሰውን ልብ ያፈርስ ነበር፤ ባሩዱም ለሌላ ሥራ ተፈለገ። መስኮቶቻችንን ሰማያዊ ቀባን። ማዘጋጃ ቤቱ ጣራ ላይ የአየር ድብደባ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ተተከለ። በስዩኒም የመድፏን አፍ በዘይት በተነከረ ጨርቅ ደፍኖ፣ በራሱ ሸራ አልብሷት፣ እንደ በሽተኛ በየጁምዓው ይጠይቃት ጀመር።

በመጀመሪያው የጦርነት ረመዳን ታዲያ አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። በትዳር ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በስዩኒ በማፍጠሪያ ሰዓት ቤቱ ተገኘ። ድሮ እሱ ከተኮሰ በኋላ መድፏ እስክትቀዘቅዝ ይጠብቃል፣ ውስጧን ይጠርጋል፣ ከጉብታው ዘበኛ ጋር ተምር ይቀምሳል፣ እዚያው ይሰግዳል። ቤቱ ሲደርስ ሰው ሁሉ ጠግቦ እያዛጋ ነው። ነበዊያ ምግቡን ታቀርብለትና «እኔ በልቻለሁ፣ አንተ ብላ» ትለው ነበር። አሁን ግን ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ እንዴት እንደሚቀመጡ ግን አላወቁም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በስዩኒ በልማድ ብድግ አለ። ነበዊያ ቀሚሱን ይዛ መልሳ አስቀመጠችው። ምን እንደሚያወሩ ስለጠፋቸው ስለ ጨው አወሩ።

በሁለተኛው ዓመት ተለማመዱት። በሦስተኛው በስዩኒ የዳቦውን ለስላሳ ጫፍ ለሷ ይቆርስላት ጀመር። በአራተኛው ነበዊያ ከአስር ሰላት፣ ከድኅረ ቀትሩ ስግደት በኋላ ፀጉሯን ማበጠር አመጣች። ደስ ብሏቸው ነበር ማለት ነው፤ ግን ሁለቱም አንድ ቀን አፍ አውጥተው አልተናገሩትም። በእኛ ከተማ ሰው ስለ ጎረቤቱ ልብ ሲያወራ ይውላል እንጂ ስለ ራሱ ልብ አያወራም።

የጦርነቱ የመጨረሻ ዓመት ሲገባ አሮጌ ብረት የሚሰበስብ አንድ ነጋዴ በጭነት መኪና መጣ። የተሰበረ ማረሻ፣ የዛገ በርሜል፣ የአልጋ እግር፣ ያገኘውን ሁሉ እየጫነ ጉብታው ስር ደረሰ። በስዩኒ ወሬው ሲደርሰው መርፌው ከነክሩ እጁ ላይ እንዳለ ሮጦ መድፏ ላይ እንደ በቅሎ ተፈናጠጠ።

«ኡስታ፣ ይውረዱ እንጂ!» አለ ነጋዴው። «ይቺ ከአምስት ዓመት በላይ ድምፅ አላሰማችም።»

«እኔም ከአምስት ዓመት በላይ ድምፅ አልሰማሁም» አለ በስዩኒ፤ «እኔንም ጫነኝ!»

ነጋዴው ሠራተኞቹን ወደ መድፏ ሊልክ ሲል ነበዊያ ለወጥ የሚሆን የመሎኺያ ቅጠል የሞላ እንቅብ ይዛ ጉብታውን ወጣች። ሰው ሁሉ «ጣውንቷን ልታስወስድ መጣች» ብሎ ተሳሳቀ። እሷ ግን ከመድፏ መንኮራኩር ፊት እግሯን ዘርግታ ተቀመጠችና ቅጠሏን መሸምጠጥ ጀመረች።

«እትዬ፣ ሥራ ላይ ነን» አላት ነጋዴው።

«እኔስ ምን ላይ ነኝ? ጨዋታ ላይ?» አለችው። «መሎኺያዬን ሸምጥጬ ልጨርስ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።»

እንቅቡ ሙሉ ነበር፤ ስትጨርስም ኡም ፍክሪ ሌላ እንቅብ አመጣችላት። ነጋዴው እስከ አስር ሰላት ጠበቀና የሴትን ጽናት የማያውቅ ወንድ ሁሉ እንደሚያደርገው ተራግሞ ሄደ። በስዩኒ ከመድፏ ላይ ሲወርድ «ለጣውንትሽ ይህን ያህል?» አላት። «ጣውንትም ብትሆን ሌላ ሰው ሲነካት አልወድም» አለችው፤ ለሳምንት ያህል ሰፈሩ ይህንን ሲቀባበለው ከረመ።

በግንቦት የአውሮፓው ጦርነት አለቀ። ከተማው ሁሉ ቢላ ይዞ መስኮቱን ይፍቅ ጀመር፤ ሰማያዊው ቀለም ሕጻናቱ ፀጉር ላይ፣ ሊጡ ላይ፣ ድመቶቹ ላይ ሳይቀር ታየ። በስዩኒ ግን መስኮቱን ለነበዊያ ትቶ በቀጥታ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። የሚመጣው ረመዳን ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ይገባል። ዕድሜው ስልሳን አልፏል፤ ከሱ በኋላ መድፏን የሚረከብ ልጅ የለውም። ዳግም አንድ ጊዜ እንኳ ሳያሰማት ቢሞት አባቱ በወዲያኛው ዓለም ምን እንደሚለው ያውቃል።

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ሻኪር እፈንዲ ገና ጢሙ ያልጠና ወጣት ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዕዳው ከሰው ይልቅ ወረቀት ማመኑ ነው።

«ኡስታ፣ ዘመኑ ተለውጧል!» ብሎ ጮኸ፣ በስዩኒ እንዲሰማው። «ሳይረን አለን! ቁልፍ መጫን ብቻ ነው! ባሩድ የለ፣ ጭስ የለ!»

«ሳይረን የሞት መልእክተኛ ናት ልጄ። አንተ እንግዳ ጠርተህ በር ላይ ውሻ ታስራለህ?»

«ደግሞም እርስዎ አይሰሙም! ለማይሰማ ሰው ባሩድ አስረክብ የሚል ደንብ የለኝም!»

«እፈንዲ፣ መድፏ ናት እኔን የምትሰማኝ ወይስ እኔ ነኝ እሷን የምሰማት? መድፈኛ የሚያስፈልገው ዓይን ነው። ዓይኔ ደግሞ ከዚህ ሆኖ አንገትህ ላይ የቀረውን የምላጭ ሳሙና ያያል።»

ለማድመጥ መስኮቱ ስር የተሰበሰበው ሕዝብ ሳቀ። ሻኪር እፈንዲ አንገቱን ጠረገና «ሳይረን!» ብሎ ወረቀቱ ላይ ማኅተሙን መታ።

የረመዳን የመጀመሪያ ቀን እንዲህ አለፈ። ሙቀቱ ሰው የሚያቀልጥ ስለነበር ሁሉም ጣሪያው ላይ ማዕዱን ዘርግቶ፣ ተምሩን በጣቱ ይዞ፣ ፀሐይዋን እያየ ይጠብቃል። ፀሐይዋ ጠለቀች፤ ሳይረኑም እንደ ተረገጠ ድመት እያላዘነ ተነሳ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? አምስት ዓመት ሙሉ ያ ድምፅ ሲመጣ መብራት ማጥፋትና መሮጥ የለመደ ሕዝብ ተምሩን ጣለ፣ መብራቱን አጠፋ፣ ሕጻኑን አንጠልጥሎ ወደ መጠለያው ወደ ድሮው የእህል መጋዘን ምድር ቤት ወረደ። ነበዊያም እንደ ሁልጊዜው የማይሰማ ባሏን ክንዱን ይዛ ጎተተችው። ቀኝ ትከሻዋ የተበላሸው በጦርነቱ ጊዜ እሱን ስትጎትት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያን እጇን ከደረቷ በላይ ማንሳት አትችልም። ዛሬ የጎተተችውም በግራዋ ነው። በስዩኒ ማንኪያውን እንደያዘ መጋዘኑ ውስጥ ራሱን አገኘ።

«ጦርነቱ እንደገና ጀመረ እንዴ?» ብሎ በጨለማው ጮኸ።

ያኔ ነው አንዱ ሌላውን ያየው። ቀስ ብለው ሸኽ ዘናቲ ጉሮሮአቸውን ጠርገው «ሰዎች፣ ማፍጠሪያ ነው እኮ» አሉ።

የሚያፈጥሩበት ነገር የያዘ ግን አልነበረም። ኡም ፍክሪ ብቻ ስትሮጥ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ካሮት ያለበትን ማሰሮ አቅፋ ወጥታለች። የኮም ዘህራ ሕዝብ የዚያን ዓመት የመጀመሪያ ጾሙን የፈታው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁራጭ ካሮት እየደረሰው ነው። ወጥተውም ቶሎ ወደ ቤታቸው አልገቡም፤ አደጋው ማለፉን የሚያበስረውን ሁለተኛውን ድምፅ የሚያሰማ ጠፍቶ ነበርና። ቁልፉን የተጫነው ሻኪር እፈንዲ ራሱ ጠረጴዛው ስር ገብቷል። እጁ ሳይረኑን አስነሳ፤ እግሩ ግን ሰላም መሆኑን አልሰማም ነበር። ቤታቸው ሲደርሱ ድመቶቹ ጠግበው ተኝተዋል።

በማግስቱ ሴቶቹ የተላሱ ሳህኖቻቸውን ይዘው ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ተሰበሰቡ። «ድመቴን አስፈጠርክልኝ እፈንዲ፣ አላህ ይስጥህ!» ትላለች አንዷ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅምና ሻኪር እፈንዲ አራት ቀን ተከራከረ። በረመዳን ስድስተኛው ቀን ተሸነፈ፤ ሲሸነፍም በወረቀት ነው የተሸነፈው። «መድፉ ከአዛን አንዲት ደቂቃ ቀድሞ ቢተኮስ የሕዝቡ ጾም ስለሚበላሽ፣ መድፈኛው ይሰናበታል፤ መድፉም ለብረት ማቅለጫ ይሰጣል» የሚል ጽፎ በስዩኒን አስፈረመው። በስዩኒ ያለ ማመንታት ፈረመ። ከፀሐይ በፊት የተተኮሰ መድፍ ምን ማለት እንደሆነ ከጸሐፊው በላይ ያውቃል። ስንት ሺህ ሰው በዚያ ሙቀት ጉሮሮው ደርቆ የዋለበትን ጾም በአንድ ክብሪት ማጥፋት ነው።

ባሩዱን ተረክቦ ጉብታውን ሲወጣ ነው ጉዱን ያየው። መድፏን በየሳምንቱ ሲጠይቅ ዓይኑ እሷ ላይ እንጂ ሰማይ ላይ አልነበረምና ልብ አላለውም። የእንግሊዝ ወታደሮች በጦርነቱ ጊዜ ያቆሙት የውሃ ታንከር በአራት የብረት እግሩ ቆሞ ሚናራውን ከጫፍ እስከ ወገቡ ጋርዶታል። አዛኑም በባሕሩ ነፋስ ምክንያት እንኳን ለሱ ጆሮ ለማንም ጆሮ ጉብታው ላይ አይደርስም። ፀሐይዋን እንዳይጠብቅ፣ ሳትጠልቅ የባሕሩ ጭጋግ ይውጣታል፤ ሰዓት እንዳይዝ፣ የከተማው ሰዓቶች ሁለቱ እንኳ አይስማሙም።

ቤቱ ገብቶ ጥግ ላይ ኩርምት አለ።

«ምን ሆነህ ነው ጀልባው የሰጠመበት ሰው የመሰልከው?» አለችው ነበዊያ።

«ሚናራው አይታይም!»

«ምኑ?»

«ሚናራው! የእንግሊዝ ገንዳ ጋርዶታል! ነገ በምን አይቼ ነው የምተኩሰው?»

እዚህ ላይ ነበዊያ ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም። ባሏን ከማዕዷ እንዳይነሳ የሚያደርግ ገንዳ አላህ ራሱ ያቆመላት ነው የሚመስለው። ሦስት ረመዳን የዳቦ ጫፍ የተቆረሰላት ሴት ናት። እሷም ለጥቂት ጊዜ የሽንኩርት ልጣጩን በጣቷ ስታገላብጥ ቆየች። በስዩኒ አንገቱን አቀርቅሮ ስለነበር ፊቷን አላየም።

«ከጣሪያችን ሁለቱም ይታያሉ!» ብላ ጮኸች በመጨረሻ። «ሚናራውም፣ ጣውንቴም! ሸኹ ሲያውለበልቡ እኔ አይቼ አውለበልብልሃለሁ!»

በስዩኒ ቀና አለ። «አንቺ? ለጣውንትሽ?»

«ምን ላድርግ? ወር ሙሉ ይህን የተጨማደደ ፊትህን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ምግብ ከምበላ ለጣውንቴ ገረድ ብሆን ይሻለኛል!»

«ምርቃቴ ይድረስሽ ነበዊያ!» አለች ኡም ፍክሪ ከግድግዳው ባሻገር። ወዲያውም ወጥታ ሰፈሩን አዳረሰች፤ ነገ ከአስር ሰላት በኋላ ማንም ሴት ነጭ ልብስ እንዳታሰጣ፣ ያሰጣችውንም እንድታነሳ። በስዩኒ ከአዲስ የጀልባ ሸራ ላይ አንድ ክንድ ከስንዝር ቆርጦ ለነበዊያ ሰጣት። በረጅም ጊዜ ውስጥ ከሰጣት ስጦታ ሁሉ ትልቁ ያ ነው፤ ጠርዙንም ሰፍቶላታል።

በማግስቱ ጠዋት፣ የረመዳን ሰባተኛው ቀን፣ ሬዲዮው ጃፓንም እጇን መስጠቷን ተናገረ። ጦርነቱ በዓለም ዙሪያ አለቀ ማለት ነው። ዓለም በሙሉ መተኮስ ያቆመ ዕለት እኛ ልንተኩስ ተነሳን።

ከአስር ሰላት በኋላ በስዩኒ ነጭ ቀሚሱን ለብሶ ጉብታው ላይ ነው። የባሩዱን ከረጢት ከመድፏ ጉሮሮ ከተተ፣ ቡትቶውን አስከተለ፣ በረጅሙ ዘንግ ጠቀጠቀ፣ የእሳት ቀዳዳዋን አጽድቶ ጥቂት ባሩድ ነሰነሰባት። ሻኪር እፈንዲም ወረቀቱን በኪሱ ይዞ አጠገቡ ቆሟል። ከታች ጣሪያዎቹ ሁሉ በሰው ተሞልተዋል። በስዩኒ የሚያየው ግን አንዱን ጣሪያ ብቻ ነው።

ፀሐይዋ ቀላች። የጣሪያዎቹ ጥላ ረዘመ፤ ጭጋጉም ፀሐይዋን ዋጣት። እሳቱን ጫፉ ላይ የያዘውን ዘንግ አነሳ።

ድንገት በእነ በስዩኒ ጣሪያ በኩል ነጭ ነገር ተርገበገበ።

ሻኪር እፈንዲ አየው። «ምልክቱ! ምልክቱ! ተኩሱ ኡስታ!» ብሎ ጮኸ። በስዩኒ የጭጋጉ ቅላት ዓይኑን እየወጋው ጨርቁ ላይ አፈጠጠ። ቦታው የሚመስል ቦታ ነው፤ ጨርቁም ነጭ ነው። ዘንጉ ከቀዳዳዋ ስንዝር አይርቅም። ሻኪር እፈንዲ አዛኑ ያልፋል ብሎ ፈርቶ ቀሚሱን ጎተተው፣ ጆሮው ስር ገብቶ «ተኩሱ!» አለው። ጆሮው ግን ግራው ስለነበር ለግድግዳ የተነገረ ያህል ሆነ።

በስዩኒ ራሱን ነቀነቀ። ያ ጨርቅ ከጎን ወደ ጎን ነው የሚርገበገበው፣ ያውም በሁለት እጅ፣ ከራስ በላይ። የነበዊያ ቀኝ ክንድ ከደረቷ አያልፍም። እሷ ስታውለበልብ ዶሮ ከእህል ላይ እንደምታባርር ሴት በግራዋ ብቻ ከላይ ወደ ታች ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሯት ኖሮ ይህንን ካላወቀ ሌላ ምን ያውቃል?

«አይደለችም» አለ።

ሻኪር እፈንዲ ላብ አጠመቀው። ጊዜው እንደ መጥፎ እንግዳ አልሄድ አለ። ጨርቁ ወረደ። ጣሪያው ባዶ ሆነ። በስዩኒ ራሱም ልቡ ከዳው፤ ምናልባት ትከሻዋ ድኖ ቢሆንስ? ምናልባት ሕመሙን ችላ ሁለት እጇን ያነሳችው ለሱ ብላ ቢሆንስ? መድፏን በሌላው እጁ ያዛት። የብረቷ ሙቀት መዳፉን ፈጀው፤ አልለቀቃትም።

ያኔ ከዚያኛው አጠገብ ካለው ጣሪያ ላይ አንድ ትንሽ ጨርቅ ብቅ አለ። ከላይ ወደ ታች። ከላይ ወደ ታች። እሽ! እሽ! የሚል ይመስላል።

«እሷ ናት!» ብሎ እሳቱን ሰደደ።

ድም!

ከአምስት ረመዳን ዝምታ በኋላ ኮም ዘህራ ተናወጠች። ርግቦቹ ከሚናራው ተነሱ። ሻኪር እፈንዲ በግንባሩ ምድር ላይ ተደፋ፤ ኋላ «እየሰገድኩ ነበር» ብሏል። ከታች ከጣሪያዎቹ ሁሉ እልልታ ወጣ፣ በስዩኒ ግን አልሰማውም። በደረቱ የገባውን የመድፏን ድምፅ ብቻ ነው የሰማው፤ የሱ እልልታ እሱ ነው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ጭሱ ነው ብሎ አለፈው።

ወዲያው አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ ነገሩን አስረዳ። ያን የመጀመሪያውን ጨርቅ ያርገበገበችው ኡም ፍክሪ ናት። ራሷ ነጭ አታስጡ ብላ ከተማ ስታዳርስ የዋለችው ሴትዮ፣ ሰዓቱ ሲቃረብ በደስታ ተደናግራ የማዕድ ጨርቋን ከነአቧራው ጣሪያው ላይ ስታራግፍ ነበር። አዛኑ እስኪሰማ ገና ስምንት ደቂቃ ይቀር ነበር።

ሻኪር እፈንዲ ስምንት ደቂቃውን በሐሳቡ ካሰላው በኋላ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና ለሁለት፣ ከዚያም ለአራት ቀደደው። በስዩኒ ፊት ቆሞ በእጁ ወደ ራሱ ጆሮ፣ ቀጥሎ ወደ በስዩኒ ጆሮ አመለከተ፣ ከዚያም እጁን ልቡ ላይ አደረገ። ወረቀት ከማወቁ በፊት እናቱ ጨዋነት ሳታስተምረው አልቀረችም። የመጥረጊያ ዘንጉንም ከበስዩኒ እጅ ተቀብሎ «እኔ እጠብቃታለሁ፣ ቤትዎ ይግቡ» የሚል ምልክት አሳየው።

ስለዚህ በስዩኒ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መድፏን ተኩሶ በቀጥታ ወደ ቤቱ ሮጠ። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሲሮጥ ያየ ሁሉ ከየበሩ ቀዝቃዛ የከርከዴ መጠጥና ተምር ይዘረጋለታል፤ አንዲት ተምር ብቻ ተቀብሎ አለፈ። ደረጃውን ወጥቶ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ቆመ።

ማዕዱ እንደተከደነ ነው። መሎኺያው ላይ ሳህን ተደፍቶበታል፣ ዳቦው በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ሁለቱ የከርከዴ ብርጭቆዎች አፍ ላፍ ሞልተዋል። ነበዊያ ያን የሸራ ቁራጭ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ፊቷ የተበላች የአንዲት ተምር ፍሬ ብቻ አለች።

«ለምን አልበላሽም?» አላት።

«ስጠብቅህ ነዋ!»

«ቶሎ እንደምመጣ በምን አወቅሽ?»

«አላወቅኩም!»

በስዩኒ ቁጭ አለ። ማዕዱን አየ፣ የተምሯን ፍሬ አየ። አንድ ነገር ቀስ እያለ ወደ ልቡ ሲመጣ ተሰማው።

«ድሮስ? ከጦርነቱ በፊት?»

ነበዊያ የሸራውን ጠርዝ ማስተካከል ጀመረች። «በአንዲት ተምር እፈታና እጠብቅሃለሁ!»

«ሃያ ሰባት ዓመት? በልቻለሁ ትይኝ አልነበር እንዴ?»

«እና ምን ልበልህ? አልበላሁም ብልህ ዕቃህን ሳታጸዳ እየሮጥክ ትመጣለህ፣ ጭሱ ዓይንህን ይዞት ከጉብታው ትወድቃለህ! ምን አገባህ? መድፉ ለከተማው ነው! እኔ የማፈጥረው አንተ በበሩ ስትገባ ነው!»

መጮህ ነበረባትና ጮኸችው። በዙሪያው ያሉት ጣሪያዎች ሁሉ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ጆሯቸውን ጣሉ። ከመካከላቸው የኡም ፍክሪ ድምፅ መጣ፤ የስምንቱ ደቂቃ ኃፍረት ገና አልለቀቃትም፤ አፏን ግን ሊያስዘጋት አልቻለም።

«እኛ ሰምተናል ነበዊያ! እስክንድርያም ተሰምቷል! እሱስ ሰማሽ ወይ?»

በስዩኒ መዳፉን ቀኝ ጆሮው ላይ አደረገና ወደ ሚስቱ ጠጋ አለ።

«ምን አልሽ?» አላት።

ነበዊያ ጉንጯ ቀላ፤ ዞር ብላ ጣሪያዎቹን አየች፤ ከዚያ «አንተ በበሩ ስትገባ ነው!» ብላ ከመጀመሪያው አብልጣ ጮኸች። ጣሪያው ሁሉ በሳቅና በእልልታ ፈረሰ። በስዩኒ ሳህኑን ከመሎኺያው ላይ አነሳ፣ የዳቦውን ለስላሳ ጫፍ ቆርሶ በእጁ አጎረሳት።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውንም ጊዜ ሰምቶት ነበር።